በሕይወት ያሉትን ለመመዝገብ የዞሩት የአቶ ደጀን ሞላ የሕይወት ታሪክ

(1968 – 2018 ዓ.ም.)

መርሳ በሽንኩርት ነቀላ ላይ በነበረችበት ወቅት፣ ግንቦት 12 ቀን 1968 ዓ.ም.፣ አቶ ደጀን ሞላ ከአባታቸው ከአቶ ሞላ ይመርና ከእናታቸው ከወይዘሮ አስካለ በለጠ በሐብሩ ወረዳ፣ ከመርሳ ከተማ ወጣ ብሎ በሚገኝ የመስኖ መንደር ተወለዱ። ቀኑን እናታቸው በሚካኤል፣ አባታቸው በሽንኩርቱ ያስታውሱት ስለነበር ሁለቱ ተነጋግረው ነው የተስማሙበት። የክርስትና ስማቸው ኃይለ ሚካኤል ነው። ለወላጆቻቸው የመጀመሪያ ልጅ ሲሆኑ፣ ይህን ታሪክ የጻፈችው እህታቸው የሻረግ ሞላ በሰባት ዓመት ታንሳቸዋለች።

ከአንደኛ እስከ ስምንተኛ ክፍል በመርሳ ተማሩ። በ1977ቱ ድርቅ ትምህርታቸው አንድ ዓመት ተቋርጦ ነበር፤ ስለዚያ ዓመት ሲጠየቁ ወሬ ይቀይሩ ስለነበር እዚህም አይዘረዘርም። በአሥራ ሁለት ዓመታቸው የገበሬ ማኅበሩ የውኃ ፓምፕ ቆሞ አትክልት ሲደርቅ፣ ሳይጠየቁ ፈትተው ገጠሙት። አንድ ቡሎን ተረፋቸው፣ ፓምፑ ግን ሠራ። አባታቸው ያቺን ቡሎን ለእንግዳ ሁሉ እያሳዩ «የተረፈችው ይቺ ነች» ይሉ ነበር። በመኩራት ይሁን በመስጋት አልታወቀም።

ሁለተኛ ደረጃን ወልድያ ቤት ተከራይተው፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ስንቅ እየተላከላቸው በ1987 ዓ.ም. አጠናቀቁ። ቀጥሎም ኮምቦልቻ በኤሌክትሪክ ሙያ ሁለት ዓመት ሠልጥነው፣ በ1990 ዓ.ም. በወልድያ ከተማ በሚገኝ ሆስፒታል በጥገና ሠራተኝነት ተቀጠሩ። ሥራቸው በመጀመሪያ ጄኔሬተር ማስነሳት ነበር። ቀስ በቀስ ግን ነርሶቹ የተበላሸ ማሽን ሁሉ ለእርሳቸው ማቅረብ ጀመሩ፤ እርሳቸውም አይሆንም ማለት አይችሉበትም ነበር። በ1996 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሄደው የሕክምና መሣሪያ ጥገና ሥልጠና ወስደዋል። ከሥልጠናው የተሰጣቸው የምስክር ወረቀት የት እንደገባ አይታወቅም፤ ማስታወሻ ደብተራቸው ግን አለ።

ጥር 1998 ዓ.ም. ከወይዘሮ ቡርቱካን ካሳው ጋር በሥርዓተ ተክሊል ተጋቡ። ሩትንና ልዑልን ወለዱ። በ2010 ዓ.ም. ወደ ትውልድ ቀያቸው ተዛውረው፣ በወረዳው ውስጥ ያሉትን የጤና ጣቢያ ማሽኖች መጠገን ያዙ። ቤተሰቡም መርሳ ገባ፤ ወይዘሮ ቡርቱካንም ወልድያ የነበረውን የልብስ ስፌት መኪናቸውን ይዘው መጥተው ሥራቸውን እዚሁ ቀጠሉ። በዚያው ዓመት አቶ ደጀን የሰፈሩ ቅሬ፣ ማለትም የቀብር ዕድር፣ ጸሐፊ ሆነው ተመረጡ። የቅሬው ዳኛ አቶ ኡበይደላ ሰይድ እንደሚሉት የተመረጡት ጽሕፈታቸው ስለሚነበብ ነው። ቅሬው የክርስቲያኑም የእስላሙም ነው፤ ድንኳኑ አንድ፣ አግዳሚ ወንበሩ አንድ፣ መዝገቡም አንድ ነው።

በ2013 ዓ.ም. ክረምት ጦርነቱ ሲመጣ ቤተሰባቸውን ይዘው ወደ ደሴ ሸሹ፤ ከዚያም ከደሴ ሸሹ። በታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ሲመለሱ ዕድሜያቸውን ሙሉ የጠገኗቸው ማሽኖች ወይ የሉም ወይ ተሰባብረዋል። አቶ ደጀን ሦስት ቀን ስብርባሪውን በጆንያ ሰበሰቡ። ከሦስት የተበላሹ ኦክስጅን ማምረቻዎች አንድ ለመሥራት ስምንት ወር ፈጀባቸው። ማሽኑ ኦክስጅኑን ከአየር እያጣራ ያወጣል፤ መብራት ሲጠፋ በሁለት የአይሱዙ ባትሪ ይሠራል። ባትሪውን ቲማቲምና ሽንኩርት ከሚጭኑ ሾፌሮች ይዋሳሉ፤ ሾፌሮቹ መኪናቸው ቆሞ በሚውልበት ቀን ፈትተው ይሰጣሉ። የጤና ባለሙያዎች አይተውና ለክተው «በሙከራ ይሠራበት» የሚል ደብዳቤ ጻፉላቸው።

ማሽኑን የሚያስቀምጡበት ቢሮ አልነበራቸውም፤ ቅሬው ቤት፣ ከድንኳኑና ከወንበሩ ጎን አኖሩት። መብራት የጠፋበት ጤና ጣቢያ ሲደውል በባጃጅ ወይም በአይሱዙ ይላካል፣ ነርሶች ይሠሩበታል፣ ሥራው ሲያልቅ ይመለሳል። ማን ይውሰድ የሚለውም እንደ ድንኳኑ ነበር፤ ቀድሞ ለጠየቀ ይሰጣል።

መጋቢት 2015 ዓ.ም. ከውርጌሳም ከሐራም ጤና ጣቢያ በአንድ ቀን ተደወለ። ውርጌሳ ቀደመ፤ ማሽኑ ወደ ውርጌሳ ሄደ፤ የውርጌሳው በሽተኛ ዳነ። ሐራ የነበረችው እናት ማሽኑ ሳይደርስላት አረፈች። አቶ ደጀን ሐራ ሄደው ቀብሯ ላይ ቆሙ፤ ማን እንደሆኑ ለማንም ሳይናገሩ ተመለሱ። «አንድ ማሽን ብቻ ካለ ሁልጊዜ የሚከለከል ሰው አለ» ማለት የጀመሩት ከዚያ ወዲህ ነው። ሁለተኛ ለመሥራት ሞከሩ፤ ነገር ግን ከስብርባሪ የሚወጣው ዕቃ አልቆ ነበር፣ አዲሱን ደግሞ በደመወዝ ገዝቶ የሚዘልቀው የለም።

በዚያው ዓመት ሰኔ ላይ ወልድያ በአንድ መሥሪያ ቤት የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ፣ አዳዲስ የጤና ቴክኖሎጂ ለሚያለሙ ድርጅቶች መንግሥት ድጋፍ እንደሚሰጥ አነበቡ። ድጋፉ ለግለሰብ አይሰጥም፣ ለድርጅት ነው። አቶ ደጀን ድርጅት አልነበሩም። ጉዳዩን ለቅሬው ሲያቀርቡ አቶ ኡበይደላ «ድርጅት ማለት ስንት ሰው ነው?» ብለው ጠየቁ፤ አምስት ይበቃል ሲባል እዚያው የተቀመጡ አምስት ሰዎች እጃቸውን አወጡ። «እፎይታ የሕክምና መሣሪያዎች ሥራ» የተመሠረተው እንዲህ ነው። አቶ ደጀን ሥራ አስኪያጅ ሆኑ። ለውርጌሳ፣ ለሐራና በዙሪያው ላሉ ጤና ጣቢያዎች አሥር ማሽን ለመሥራት የሚያስችል ድጋፍ ጠየቁ። ንግድ ፈቃድ፣ የግብር ከፋይ ቁጥር፣ የዲዛይን ሥዕል፣ ማኅተም፤ አንዱን ለማሟላት ወልድያ ሦስት ጊዜ መመላለስ ነበረባቸው፤ ተመላለሱ። ወንበራቸው ሥር ያለች የላስቲክ ፌስታል ውስጥ ሁሉም ሰነድ በተርታው ነበር።

ግንቦት 2016 ዓ.ም. ሦስት ገምጋሚዎች ከአዲስ አበባ መጡ። ማሽኑን አስነስተው አዩ፣ ለኩ፣ መልካም ነው አሉ። ከዚያም የተጠቃሚዎችን መዝገብ ጠየቁ። አቶ ደጀን የቅሬውን መዝገብ አውጥተው ከኋላ ገጹ ገልጠው ሰጡ። ከገምጋሚዎቹ አንዷ፣ ትሑት ሴት ነበሩ፣ ገጹን አንብበው ገለጡ፣ ወደ ኋላም ተመልሰው አነበቡና «ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ እነዚህ ሁሉ ሞተዋል?» ብለው ጠየቁ።

አዎ፤ ሁሉም ሞተዋል። አሥራ አንድ ስም ነበር፣ አሥራ አንዱም ከነሞቱበት ቀን። ቅሬ የሚጽፈው የሞተን ሰው ነው። ሰው ሲሞት ድንኳን ይወጣል፣ ቀብር ይቆፈራል፣ ስም ይጻፋል። ማሽኑም ከድንኳኑ ጋር በአንድ ቤት ስላደረ በአንድ መዝገብ፣ በአንድ ልማድ ተጻፈ። ታክሞ የዳነ ሲኖር ማሽኑ በባጃጅ ተጭኖ፣ አንዳንዴም ፓፓያ ተጨምሮበት ይመለሳል፤ ቅሬው ፓፓያውን ይበላል፤ ሰው አልሞተምና የሚጻፍ ነገር የለም። ሁለት ዓመት ገደማ እንዲህ ሲደረግ ማንም ልብ አላለውም፤ አቶ ደጀንም ቢሆኑ። እርሳቸው የሚያስታውሱት የዳኑትን ነበር፣ እጃቸው ግን የጻፈው የሞቱትን ነው። አቶ ኡበይደላ ከጎን «እኛ ለቀብር ስንጽፍ የኖርን ሰዎች ነን» ብለው ለማስረዳት ቢሞክሩም፣ ነገሩ ሦስቱን እንግዶች ይበልጥ ግራ አጋባ።

ከወር በኋላ ደብዳቤ መጣ። የቀረበው መዝገብ መሣሪያው ሕሙማንን እንደረዳ አያሳይም ይላል። ገምጋሚዎቹን የሚወቅስ የለም፤ የተጻፈውን ነው ያነበቡት። ደብዳቤው በሚቀጥለው ዙር እንደገና ማመልከት እንደሚቻል፣ ለዚያም የእያንዳንዱ ተጠቃሚ ስም፣ የካርድ ቁጥርና ፊርማ ወይም የጣት አሻራ እንደሚያስፈልግ ይገልጻል። አቶ ደጀን ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አንብበው አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት። በማግስቱ የጣት አሻራ ቀለም ገዙ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ቅዳሜና እሑድ ቤታቸው አልዋሉም። ከኋላው ገጽ ቀጥለው፣ ከአሥራ አንዱ ሟቾች ሥር ወፍራም መሥመር አሠመሩና «በሕይወት ያሉ» ብለው ጻፉ። ከዚያም ፍለጋ ወጡ። የዳነ ሰው አድራሻ የለውም። አንዱ ለሥራ ሚሌ ወርዷል፣ አንዷ አግብታ ኮምቦልቻ ገብታለች፣ አንዱ ደግሞ ታሞ እንደነበር ሚስቱ እንድታውቅ አይፈልግም። አንዳንዱ ፊርማ ሲባል ግብር ነው ብሎ ይሸሻል። እግራቸው እስኪቀጥን ዞሩ። ወይዘሮ ቡርቱካን ጫማቸውን በአንድ ዓመት ሁለት ጊዜ አስጠግነዋል፤ «ሰው ሁሉ ሙት ይፈልጋል፣ የእኔ ባል የዳነ ይፈልጋል» ብለው ለጎረቤት ያማርሩ ነበር። ቢያማርሩም ስንቅ ያልቋጠሩበት ቅዳሜ የለም።

ሐራ ላይ ወይዘሮ ዙልፋ የተባሉ እናት አገኙ፤ ልጃቸው በሰባት ወሩ ተወልዶ አሥራ ዘጠኝ ሰዓት በማሽኑ የተነፈሰ ነው። ዙልፋ «ጋሼ ደጀን፣ አላህ ይስጥልን፤ ግን ይህ ልጅ አፉን ሳይፈታ ስሙ መንግሥት ዘንድ ሊገባ ነው?» ብለው ሳቁ፤ ልጁን በቀኝ እጃቸው ስለያዙ በግራ አውራ ጣታቸው አተሙ። ውርጌሳ ላይ አንድ አዛውንት «እኔን ያዳነኝ አላህ ነው፤ ማሽን የምትሉትን ዓይኔን ጨፍኜ ስለነበር አላየሁትም» አሉ። አቶ ደጀን አልተከራከሩም። በአስተያየት ዓምድ «ማሽኑን አላዩም፤ በሕይወት አሉ» ብለው ጽፈው አስፈረሟቸው። ጽሑፉ እዚያው አለ።

በዚህ መካከል ሰነድ በማዘጋጀት የሚታወቅ አንድ የወልድያ ሰው፣ ሟቾቹ የሌሉበት አዲስ መዝገብ ቢገዛ እንደሚሻል መከራቸው። ሰውየው ክፋት አልነበረውም፤ የዙሩ ቀን ደርሶ ነበር፣ ሌሎች አመልካቾችም ብዙ ናቸው። አቶ ደጀን «እነርሱም እኮ ተንፍሰውበታል» አሉ። መዝገቡም አልተቀየረም።

እስከ መስከረም 2018 ዓ.ም. ድረስ አርባ ሦስት ሰው አገኙ። ባትሪ ያዋሱት ሾፌሮች ግን ማሽኑ ከሰባ ጊዜ በላይ ወጥቷል ይላሉ። የቀሩትን ለማግኘት በመስቀል ሰሞን ዝናብ ውርጌሳ ሁለት ቀን ከረሙ፤ ሲመለሱ ሳል ይዟቸው ነበር። ሳሉ ጉንፋን ነው ተባለ፣ ከዚያ የሳንባ ምች ነው ተባለ፣ መድኃኒት ወሰዱ፣ ትንሽ ተሻላቸው፣ እንደገና ባሰባቸው። የሁለተኛው ዙር ገምጋሚዎች ኅዳር 3 ቀን 2018 ዓ.ም. እንደሚመጡ የሚገልጸው ደብዳቤ የደረሳቸው አልጋ ላይ ሳሉ ነው። ልጃቸውን ሩትን ከወልድያ ጠርተው ሰነዶቹን በተርታው አስነበቧት።

ሰኞ ጥቅምት 17 ቀን ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ትንፋሽ አጠራቸው። መብራት ከጠፋ ሁለት ቀን ሆኖት ነበር፤ ወደ ወልድያ የሚወስደውም መንገድ በዚያን ቀን ለተሽከርካሪ ዝግ ነበር። መርሳ ጤና ጣቢያ ተወሰዱ፤ ማሽኑ ከቅሬው ቤት መጣ። ጭንብሉ ከተደረገላቸው በኋላ በጣታቸው የማሽኑን ጠቋሚ እያሳዩ ነርሷን ከፍ አድርጊው፣ ቆዪ፣ አሁን ይበቃል ይሏት ነበር። ባትሪው ሲደክም ሾፌሮቹ የሌላ አይሱዙ ባትሪ ፈትተው ቀየሩ። ማሽኑ አሥራ ዘጠኝ ሰዓት ሠራ። በማግስቱ ማክሰኞ ጥቅምት 18 ቀን 2018 ዓ.ም. ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ፣ መንገዱ ተከፍቶ ወደ ወልድያ የሚወስዳቸው መኪና ሊነሳ ሲል፣ በተወለዱ በአርባ ዘጠኝ ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም ዐረፉ። ማሽኑ አልቆመም። ያጠፋችው ነርሷ ናት።

ትናንት ልቅሶ ቤት፣ ይህ ጽሑፍ ለኅትመት ወደ ወልድያ ሊላክ ሲል፣ ከድርጅቱ አባላት ሁለቱ እህታቸውን የሻረግን ገለል አድርገው ለመኗት። ያለፈው አንቀጽ ይቅር፣ «በድንገተኛ ሕመም» ተብሎ ይታለፍ አሉ። ምክንያታቸው ግልጽ ነው። ገምጋሚዎቹ ሊመጡ ከዛሬ ጀምሮ አሥራ አራት ቀን ቀርቷል፤ ማሽኑን የሠራው ሰው ራሱ በማሽኑ ላይ ሆኖ ሞተ ከተባለ አሥሩ ማሽን ቀረ ማለት ነው ብለው ፈሩ። ሲለምኗት ሁለቱም ያለቅሱ ነበር። ለራሳቸው ያሰቡ አይደሉም፤ ለውርጌሳና ለሐራ ነው ያሰቡት። ፍርሃታቸውም ከንቱ ላይሆን ይችላል።

የሻረግ እስካሁን አላለቀሰችም። ለምን እንደሆነ አታውቅም፤ ሰው ሲያጽናናት እሺ እሺ ትላለች። ለሁለቱም እሺ አለቻቸው። ከዚያ አቶ ኡበይደላ መጥተው መዝገቡን ጭኗ ላይ አስቀመጡላትና «ልጄ፣ ጸሐፊያችን የለም፤ ጽሕፈትሽ የእርሱን ይመስላል፤ ቀኑ ሳያልፍ ጻፊው» አሏት። ቅሬ የሞተ ሰው ሳይጻፍ አያሳድርም። ከኋላ ገጽ ገለጠች። ከመሥመሩ በላይ፣ ከአሥራ አንደኛው ስም ሥር፣ ወንድሟ መሥመሩን ወፍራም አድርገው ሲያሠምሩ ጠባብ ቦታ ነበር የተዉት፤ እዚያ ላይ «12. አቶ ደጀን ሞላ፣ መርሳ፣ 19 ሰዓት፣ ጥቅምት 18 ቀን 2018 ዓ.ም.» ብላ አጠጋግታ ጻፈች። ለሁለቱ ሰዎች እሺ ያለችውን አልጠበቀችም፤ ይቅርታ ትጠይቃቸዋለች። አንቀጹም አልወጣም፤ ይኸው እየተነበበ ነው። ወንድሟን በእርሳቸው መዝገብ ላይ መዝለል አልቻለችም።

አቶ ደጀን ዝምተኛ፣ ሰዓት አክባሪ፣ ለሰው እምቢ ማለት የማይሆንላቸው፣ ቡና ያለ ስኳር የሚጠጡ፣ መብራት ሲመጣ ብቻ የሚያፏጩ ሰው ነበሩ። ባለቤታቸውን ወይዘሮ ቡርቱካን ካሳውን፣ ልጆቻቸውን ሩት ደጀንንና ልዑል ደጀንን፣ እናታቸውን ወይዘሮ አስካለን፣ እህታቸውን የሻረግን ትተው ሄደዋል። አባታቸው አቶ ሞላ ቀድመዋቸዋል። ሥርዓተ ቀብራቸው ዛሬ ረቡዕ ጥቅምት 19 ቀን 2018 ዓ.ም. ከቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ በመርሳ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ይፈጸማል። ለሰው ትንፋሽ ሲደክሙ የኖሩትን አገልጋዩን አምላክ ድካም በሌለበት ያሳርፍልን፤ ለወይዘሮ ቡርቱካንና ለልጆቹ ጽናቱን ይስጥልን። በአላህ ስም ለምትለምኑም፣ በእግዚአብሔር ስም ለምትለምኑም፣ ለቅሶ ለደረሳችሁ ሁሉ ብድራችሁን ይክፈልልን።

ከቤተሰቡና ከቅሬው አንድ ማሳሰቢያ አለ። ዛሬ ከውርጌሳ፣ ከሐራ፣ ከወልድያም ብዙ ሰው መጥቷል፤ አቶ ደጀን አንድ ዓመት ከአራት ወር ዞረው ያላገኟችሁ ከመካከላችሁ ሳትኖሩ አትቀሩም። መዝገቡ በድንኳኑ መግቢያ፣ በስተቀኝ ባለው ጠረጴዛ ላይ ነው። በማሽኑ የተነፈሳችሁ፣ ልጃችሁ ወይም እናታችሁ የተነፈሰችላችሁ፣ ከቀብር መልስ ቀርባችሁ ተጻፉ። ካርድ የጠፋበትም ይምጣ፤ መፈረም ለማይችል የጣት ቀለም አለ።